ዩዥን አትዤ፦ የአሮጌዋ ፓሪስ መዝጋቢ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ፈረንሳዊ ፎቶግራፍ አንሺ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

በኖቬምበር 1920 ፓሪስ የሚኖር አንድ የ63 ዓመት ሰው ለአገሩ የሥነ ጥበብ ጉዳይ ሹም ለፖል ሌዮን ደብዳቤ ጻፈ። ከሃያ ዓመት በላይ፣ ማንም ሳያዘው፣ በአሮጌዋ ፓሪስ መንገዶች እየዞረ ከ16ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩትን ቤቶች፣ በሮች፣ ደረጃዎችና ጌጦች ሲያነሳ መኖሩን ገለጸ። ዕድሜው እየገፋ ነው፤ ወራሽ የለውም፤ ይህ ሁሉ ሥራ ዋጋውን በማያውቅ ሰው እጅ ወድቆ፣ ማንንም ሳይጠቅም ደብዛው እንዳይጠፋ እንቅልፍ አጥቷል። ይህንን ሁሉ ሳይሸሽግ ጽፎ መንግሥት ሥራውን እንዲገዛው ጠየቀ። መንግሥትም ጥያቄውን ተቀብሎ 2,621 የመስታወት ኔጋቲቮችን በ10,000 ፍራንክ ገዛ።

ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ዩዥን አትዤ ይባላል። የፎቶግራፍን ታሪክ የሚያስተምር ሰው ዛሬ ስሙን ሳያነሳ ማለፍ አይችልም። በሕይወት ሳለ ግን የሚያውቁት ደንበኞቹ፣ ጥቂት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችና የሰፈሩ ሰዎች ብቻ ነበሩ።

የአትዤ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው ሳያውቀው ታላቅ ሥራ እንደ ሠራ ምስኪን ሽማግሌ ታሪክ ሆኖ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ያ ደብዳቤ የእጁን ሥራ ዋጋ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ደብዳቤ ነው። ደግሞም ሥራው ለእኛ የደረሰው በእሱ ትጋት ብቻ አይደለም። ከሞተ በኋላ አንዲት ወጣት ሴት ያንን ሸክም ተቀብላ አርባ ዓመት ስለ ተሸከመችው ነው። ስለዚህ ንግግሬ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ቢመስልም የሁለት ሰዎች ነው።

አትዤ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1857 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ቦርዶ አጠገብ፣ ሊቡርን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ሠረገላ ሠሪ ነበር። ገና በሕፃንነቱ እናትና አባቱ ሞተውበት ቦርዶ ውስጥ በእናቱ ወላጆች እጅ አደገ። በወጣትነቱ መርከብ ላይ ተቀጥሮ በባሕር ሥራ ቆየ። በ1878 ፓሪስ ሲገባ ምኞቱ ተዋናይ መሆን ነበር። ኮንሰርቫቷር ወደሚባለው ታዋቂ የቴአትር ትምህርት ቤት ለመግባት ተፈትኖ በመጀመሪያው ወደቀ፤ በሁለተኛው አለፈ። ትምህርቱንና የወታደርነት ግዴታውን ጎን ለጎን ማስኬድ ግን አልሆነለትም፤ በ1881 ከትምህርት ቤቱ ተሰናበተ። ከዚያ በተዘዋዋሪ የቴአትር ቡድን ውስጥ ከከተማ ወደ ከተማ እየተንከራተተ ትንንሽ ሚናዎችን ተጫወተ። ከዚያ ኑሮ ያገኘው ትልቅ ነገር ቫለንቲን ኮምፓኞን የተባለችውን ተዋናይ ነው። በ1886 ተዋወቁ፤ እስከ ዕለተ ሞቷም አብረው ኖሩ። ጉሮሮው ታምሞ ድምፁ እንቢ ሲለው መድረኩን ተወ። ሥዕል ሞከረ፤ እንጀራ አልሆነውም። ፎቶግራፍ ማንሳት ሲጀምር ዕድሜው ከሠላሳ አልፎ ነበር።

የጀመረውም እንደ ንግድ ነው። «ለአርቲስቶች የሚሆኑ ሰነዶች» የሚል ታፔላ በሩ ላይ ሰቀለ። በዚያ ዘመን አንድ ሠዓሊ በሥዕሉ ጥግ ዛፍ ወይም የቆመ ጋሪ ማስገባት ሲፈልግ፣ ሜዳ ወርዶ ከመፈለግ ይልቅ ፎቶውን ገዝቶ ከዚያ ይስላል። የቴአትር መድረክ አስጊያጮች የድሮ መንገድ ይፈልጋሉ፤ አርክቴክቶች የደረጃ መደገፊያ፤ ብረት ሠሪዎች የበረንዳ ጌጥና የበር ማንኳኪያ። አትዤ ይህንን ሁሉ እያነሳ፣ በየዓይነቱ እየመደበ፣ ቁጥር እየሰጠ በየሠዓሊው ቤትና በየወርክሾፑ እየዞረ ይሸጥ ነበር። የደንበኞቹን አድራሻና የሚገኙበትን ሰዓት የሚይዝበት መዝገብም ነበረው።

በ1897 ገደማ ሥራው ወደ አሮጌዋ ፓሪስ ዞረ። ለዚህም ምክንያት ነበረው። ከ1853 ጀምሮ የፓሪስ ሹም የነበረው ባሮን ኦስማን የከተማዋን እምብርት እያፈረሰ ሰፋፊ ጎዳናዎችን ቀዶ ነበር። እሱ ከሹመቱ ከተነሳ በኋላም ማፍረሱ አልቆመም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፓሪሳውያን ልባቸው ደነገጠ፤ የቀረውን አሮጌ ሰፈር የሚከታተል ኮሚሽን በከተማው አስተዳደር ተቋቋመ፤ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየሞችም የድሮውን ከተማ ምስል መግዛት ጀመሩ። አትዤ ገበያውን አየ። ገበያ ብቻ ግን አልነበረም። ገዢ ያዘዘውን አንስቶ የሚሄድ ሰው ወደ አንድ ግቢ በየጥቂት ዓመቱ አይመለስም፤ እሱ ይመለስ ነበር። ካርናቫሌ ሙዚየምና የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ደንበኞቹ ሆኑ፤ ለንደን ያለው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ሳይቀር ከእሱ ገዝቷል።

አሠራሩን ጠጋ ብለን እንየው፤ የሰውየው ጠባይ ያለው እዚያ ነው። የሚጠቀምበት ካሜራ ከእንጨት የተሠራ፣ መሃሉ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ፣ በባለሦስት እግር መቆሚያ ላይ የሚውል ትልቅ ሣጥን ነው። ፊልም የለውም፤ በአንድ ጊዜ የሚነሳው 18 በ24 ሴንቲ ሜትር በሆነ አንድ መስታወት ላይ ነው። ካሜራው፣ መቆሚያውና የመስታወቶቹ ማኅደር ሲደመሩ ለአንድ ሰው ከባድ ሸክም ናቸው፤ እሱም ያንን ተሸክሞ ገና ሳይነጋ ከቤት ይወጣል። ቦታው ሲደርስ ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ በካሜራው ጀርባ ባለው ብርጭቆ ላይ የተገለበጠውን ምስል ያስተካክላል፤ መስታወቱን ያስገባል፤ የሌንሱን ክዳን በእጁ ያነሳል፤ በልቡ ይቆጥራል፤ መልሶ ይከድናል። ብርሃኑ ደካማ ከሆነ ቆጠራው ይረዝማል። ለዚህ ነው በብዙ ፎቶዎቹ ላይ መንገዱ ባዶ የሚመስለው። ጠዋት በመሆኑ የሚያልፈው ሰው ጥቂት ነው፤ ያለፈውም በፍጥነት ስለ ተንቀሳቀሰ መስታወቱ አልያዘውም። ትንሽ ቆም ያለ ሰው ደግሞ እግሩና ጥላው ቀርቶ ፊቱ እንደ ጭስ ይሳሳል።

ብዙ ፎቶዎቹ ላይ ሁለቱ የላይኛው ማዕዘኖች ጠቁረው ታያላችሁ። ሕንፃን ከሥሩ ቆሞ የሚያነሳ ሰው ጣሪያውን ለማስገባት ካሜራውን ወደ ላይ ካዘነበለ ግድግዳዎቹ ወደ ኋላ የሚወድቁ ይመስላሉ። አትዤ ግን ካሜራውን ቀጥ አድርጎ አቁሞ ሌንሱን ብቻ ከፍ ያደርጋል። ግድግዳው ቀጥ ይላል፤ የሌንሱ ክብ ግን መስታወቱን እስከ ጥግ ሸፍኖ አይደርስምና ማዕዘኑ ይጨልማል። ተመልካች ጉድለት ይለው ይሆናል። ለአርክቴክት የሚሠራ ሰው ግን ግድግዳው ከሚጣመም ማዕዘኑ ቢጠቁር ይመርጣል፤ ሰነዱ እውነተኛ የሚሆነው እንዲያ ነውና።

ቤቱ ሲመለስ መስታወቱን በጨለማ ክፍል ያጥባል፤ ሲደርቅ በጠርዙ ላይ ቁጥሩን ይጭራል። ለማተምም ማጉያ መሣሪያ አይጠቀምም፤ በብር ጨው የተቀባውን ወረቀት ከመስታወቱ ጋር ገጥሞ በእንጨት ፍሬም አስሮ ፀሐይ ላይ ያወጣዋል። ምስሉ በፀሐይ ኃይል ብቻ ቀስ እያለ ወረቀቱ ላይ ይወጣል፤ ፀሐይ ከበረታች ፈጥኖ፣ ደመና ከሆነ ብዙ ቆይቶ። ከዚያ በወርቅ ጨው ውሃ ይነከራል፤ ያ ሞቅ ያለ ቡናማ ቀለም የመጣው ከዚህ ነው። ዘመኑ ትንንሽ የእጅ ካሜራዎችንና ፈጣን ፊልም ሲያመጣ እሱ አልተለወጠም። ግትርነት ሊባል ይችላል፤ በእኔ ዕይታ ግን በአንድ ዓይነት መስታወት፣ በአንድ ዓይነት አሠራር ሠላሳ ዓመት የተሠራ መዝገብ የሚያስገኘውን ወጥነት ስላወቀ ነው። የ1900ው ደጃፍ ከ1922ው ደጃፍ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ ሊነጻጸር የሚችለው በዚህ ነው።

ምን አነሳ? አይፈል ማማንና የኦስማንን ታላላቅ ጎዳናዎች ዘወር ብሎም አላያቸውም ማለት ይቀላል። ጠባብ መንገዶችን፣ ግቢዎችን፣ የመጠጥ ቤት ታፔላዎችን፣ በሰው እጅ ብዛት የለሰለሱ የደረጃ መደገፊያዎችን አነሳ። በ1890ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በመንገድ ላይ የሚሠሩ ሰዎችን አነሳ፤ ቅርጫት ሻጩን፣ ቢላ ሞራጁን፣ የመብራት ጥላ አዟሪውን። ከእነዚህ አንዱን ሁሌም እመለስበታለሁ። ጺማም፣ ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ፣ እጀታ እየዘወሩ ዜማ በሚያሰሙበት ሣጥን ላይ እጁን አሳርፎ ወደ ካሜራው ያያል፤ አጠገቡ ቁመቷ አጭር የሆነች ዘፋኝ ክንዷን ዘርግታ፣ ፊቷን ወደ ሰማይ አቅንታ በደስታ ትፈካለች። ሽማግሌው ደክሞታል፤ እሷ ግን ሰማዩ ሁሉ የሚያዳምጣት ይመስላል። ያንን ቅጽበት ለመያዝ በዚያ ቀርፋፋ ካሜራ ፊት ፈገግታዋን ይዛ መቆየት ነበረባት። አትዤ ተዋናይ ነበርና ሰው መድረክ ላይ ሲሆን እንዴት እንደሚቆም ያውቃል ብዬ አምናለሁ።

በ1912 እና በ1913 ደግሞ ወደ ከተማዋ ዳር፣ ወደ ድሮው የምሽግ ግንብ ሄደ። ከግንቡ ውጭ ባለው ባዶ መሬት ላይ እኛ ቁራሌው የምንላቸው ዓይነት ሰዎች፣ ጨርቅና ቁራጭ ብረት ለቃሚዎች፣ በጣውላና በአሮጌ ጋሪ በተሠሩ ጎጆዎች ይኖሩ ነበር። አትዤ ያንን ሰፈር ለብቻው በአንድ አልበም አደራጅቶ ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሸጠው። የነገሥታት ቤተ መንግሥት ያለበት ቬርሳይና የጨርቅ ለቃሚው ጎጆ በአንድ ካሜራ፣ በአንድ ዓይነት ጥንቃቄ ተመዘገቡ። ሌላው አልበሙ በ1910 የተሠራው የፓሪስ ቤቶችን ውስጥ የሚያሳየው ነው፤ የሀብታሙ ሳሎን፣ የሠራተኛው አንድ ክፍል፣ የጸሐፊው የመጻሕፍት መደርደሪያ። ከመካከላቸው አንዳንዱ የራሱ የአትዤ ቤት ነው። ግርጌው ላይ ግን ስሙን አልጻፈም፤ የአንድ ተዋናይ ቤት ብሎ አለፈው። እሱም ከሚመዘገቡት አንዱ መሆኑ ነው።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሁሉንም አቆመው። ፎቶ ማንሳቱን ከሞላ ጎደል ተወ፤ መስታወቶቹን ከቦምብ ለማዳን ምድር ቤት አወረዳቸው። የቫለንቲን ልጅ በጦርነቱ ሞተ። መጀመሪያ ላይ ያነሳሁት የ1920ው ደብዳቤ የተጻፈው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ወራሽ የለኝም ያለው ለምን እንደሆነ አሁን ይገባናል።

አስሩ ሺህ ፍራንክ ያመጣለት ነጻነት ግን አስደናቂ ነው። አብዛኛው ሰው ጡረታ በሚወጣበት ዕድሜ እሱ ምርጥ ሥራዎቹን ሠራ። ሳን ክሉ ወደሚባለው የነገሥታት መናፈሻ እየሄደ የዛፍ ሥሮችንና ኩሬዎችን አነሳ። በ1925 ጸደይ ሶ የሚባለውን የተተወ መናፈሻ ማለዳ ማለዳ እየሄደ አነሳው፤ ከአንዳንዶቹ ሥር ወሩንና ሰዓቱን ሳይቀር ጽፏል፤ ማርች፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት። ድሮ ለደንበኛ የሚሠራ ሰው እንዲህ አይጽፍም። እዚህ ላይ የሚመዘግበው ቦታን ብቻ ሳይሆን የብርሃንን ሰዓት ጭምር ነው።

በዚያው ዓመት ጎብላን በተባለው ጎዳና የአንድ ልብስ ቤት መስኮት አነሳ። ከመስታወቱ ኋላ ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ደረታቸው ላይ ዋጋ የተለጠፈባቸው አሻንጉሊቶች ቆመዋል። በመስታወቱ ላይ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሕንፃና ዛፎች ተንጸባርቀዋል። ዛፉ በኮቱ ውስጥ ያልፋል፤ የሕንፃው መስኮት ከአሻንጉሊቱ ራስ በላይ ይንሳፈፋል፤ ውስጥና ውጭ አይለዩም። ነጸብራቅን ማስወገድ ቀላል ነበር፤ ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ማለት ይበቃል። እዚያው መቆሙ ምርጫ ነው። የዋህ ነበር የሚሉትን የምጠይቃቸው ይህንን ፎቶ አይተው እንዲመልሱልኝ ነው።

እንዲህ ያሉትን ፎቶዎች መጀመሪያ ያስተዋሉት ሱሪያሊዝም የተባለው የሥነ ጥበብ እንቅስቃሴ ወጣቶች ነበሩ። አትዤ በካምፓኝ ፕረሚየር መንገድ ቁጥር 17 ቢስ ይኖር ነበር፤ አሜሪካዊው አርቲስት ማን ሬይ ስቱዲዮውን የከፈተው በዚያው መንገድ ላይ ነበር። ማን ሬይ አርባ የሚያህሉ ፎቶዎች ከእሱ ገዛ፤ በ1926ም በሱሪያሊስቶቹ መጽሔት ሽፋን ላይ አንዱን አወጣ። በ1912 የፀሐይ ግርዶሽ ቀን ባስቲል አደባባይ ላይ የተሰበሰቡ ሰዎች ሁሉም አንጋጠው ሰማዩን የሚያዩበት ነው። አትዤ ስሙ እንዳይጻፍ ጠየቀ። የምሠራው ሰነድ ነው፣ ሌላ አይደለም የሚል አቋም ነበረው። ብዙዎች ይህንን እንደ ትሕትና ይወስዱታል። እኔ እንደ ኩራት ነው የማየው። ሥራው የራሱ ስም አለው፤ ወጣቶቹ በሰጡት ስም እንዲጠራበት አልፈለገም።

የማን ሬይ ረዳት የነበረችው ቤረኒስ አቦት ከአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት የመጣች ወጣት ነበረች። ፎቶዎቹን ባየች ጊዜ ልቧ ቀረ። ወደ ቤቱ እየሄደች፣ ኪሷ ሲፈቅድላት አንዳንድ እየገዛች፣ ሥራዎቹን ታገላብጥ ነበር። ቫለንቲን በ1926 ስትሞት አትዤ ተሰበረ። በ1927 አቦት ወደ ስቱዲዮዋ ጠርታ ፎቶ አነሳችው፤ ትከሻው ጎብጧል፣ ሰፊ ካፖርት ለብሷል፣ ዓይኖቹ ግን አልደከሙም። ፎቶዎቹን ልታሳየው ስትሄድ መሞቱን ሰማች። ያረፈው ኦገስት 4 ቀን 1927 ነበር፤ ዕድሜው 70። ወዳጆቹ እንደ ተናገሩት በመጨረሻ ዕድሜው ዳቦ፣ ወተትና ስኳር ብቻ ነበር የሚቀምሰው።

ቤቱ ውስጥ የቀረውን ሁሉ የተረከበው የድሮ የመድረክ ጓደኛው አንድሬ ካልሜት ነው። አቦት ፈልጋ አገኘችው፤ ለምና አሳመነችው፤ በ1928 ከ1,000 የሚበልጡ የመስታወት ኔጋቲቮችንና በሺህ የሚቆጠሩ ፎቶዎችን ገዛች። ሃብታም አልነበረችም። ኒው ዮርክ ስትመለስ ያንን ሁሉ ሣጥን ይዛ ተመለሰች፤ ወጪው ሲከብዳት የሥዕል ነጋዴው ጁልየን ሌቪ ገንዘብ አውጥቶ ባለ ድርሻ ሆነ። በ1930 የመጀመሪያው የአትዤ መጽሐፍ ታተመ። በቀጣዩ ዓመት ጀርመናዊው አሳቢ ዋልተር ቤንያሚን ስለ ፎቶግራፍ በጻፈው ድርሰት ላይ አትዤን ዐቢይ ቦታ ሰጠው፤ አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ዎከር ኢቫንስም ስለ እሱ ጻፈ። ከዚያ ግን ረጅም የዝምታ ዘመን መጣ። አቦት ኔጋቲቮቹን ስታጸዳ፣ በራሷ እጅ ስታትም፣ ስትጽፍ፣ ስታስተምር፣ ገዢ ተቋም ስትፈልግ ከረመች። የራሷን ሥራ ጊዜ ከፍላ ነው። በመጨረሻ በ1968 የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስብስቡን ገዛው። ከ1981 እስከ 1985 ሙዚየሙ በአራት ኤግዚቢሽንና በአራት ጥራዝ ለዓለም አሳየው።

የአቦትም የራሷ ሥራ ከአትዤ ተለይቶ አይታይም። በ1930ዎቹ ኒው ዮርክ አሮጌ ሕንፃዎቿን አፍርሳ ሰማይ ጠቀሶችን ስትተክል፣ አቦት ትልቁን ካሜራ ተሸክማ መንገድ ለመንገድ ዞረች። «ተለዋዋጯ ኒው ዮርክ» የተባለው መጽሐፏ በ1939 ታተመ። በአንድ የብረት ዕቃ ሱቅ ፊት ቆማ ያነሳችውን፣ ድስቱና መጋዙ ከላይ እስከ ታች የተንጠለጠለበትን ፎቶ ያየ ሰው አትዤ የት እንደ ቆመ ወዲያው ያውቃል። ሌሎቹም ፎቶግራፍ አንሺዎች ከእሱ የተማሩት ይህንኑ ነው፤ ተራ የሆነን ነገር ፊት ለፊት፣ ሳያስውቡና ሳያጣጥሉ ማየት።

ወደ ፓሪስ ወይም ኒው ዮርክ መሄድ ሳያስፈልጋችሁ ይህንን ሥራ ማየት ትችላላችሁ። የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አልበሞቹን ጋሊካ በተባለው የኢንተርኔት ገጹ ላይ ለማንም በነጻ ከፍቷል። ስታዩ ግን አንድ ምክር አለኝ። ታዋቂ የሆኑትን ሁለትና ሦስት ፎቶዎች ብቻ መርጣችሁ አትተዉት። አንድ አልበም ያዙና ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው፣ ታፔላውንም በሩንም የጨርቅ ለቃሚውንም ጋሪ ሳትዘሉ፣ እሱ ባስቀመጠው ቅደም ተከተል ሂዱበት፤ አትዤ የሠራው አልበሙን ነውና።